የጋሽ ዛሬ የሕይወት ታሪክ፣ ከኅዳር አሥራ አራቱ ስህተት ጋር

በሬዲዮ አድማጭ ዘንድ «ጋሽ ዛሬ»፣ በቤታቸው ደግሞ «አባባ» እየተባሉ የኖሩት የዛሬው ባለታሪክ፣ ከሰዓት ጠጋኝ አባታቸውና ከሆስፒታል ልብስ አጣቢ እናታቸው በየካቲት ወር 1942 ዓ.ም. ተወለዱ። ወሩና ዓመቱ አያከራክርም። ቀኑን ግን እናታቸው አሥራ አንድ ነው ሲሉ አባታቸው አሥራ ሁለት ነው ብለው ሙጭጭ አሉ። ሁለቱም ሳይስማሙ ስላለፉ፣ አባባ የልደት ቀናቸውን ዕድሜ ልካቸውን በእርሳስ እንጂ በእስክሪብቶ ጽፈው አያውቁም። የእርሳሱ ነገር ቆይቶ ይመጣል። ስለ ኅዳር አሥራ አራት የሰማችሁም ትንሽ ታገሡ፤ እሱም ተጽፏል። አሁን ገና መወለዳቸው ነው።

ያደጉት ከአባታቸው ሱቅ ጀርባ ባሉ ሁለት ጠባብ ክፍሎች ውስጥ ነው። ከግድግዳው ወዲህ አርባ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ከግድግዳው ወዲያ ሙዚቃ ቤት ነበርና ከጠዋት እስከ ማታ ሸክላ ይዞራል። በልጅነታቸው ሰዓትና ዘፈን አንድ ላይ የሚሸጡ ይመስላቸው እንደነበር ራሳቸው እየሳቁ ያወሩ ነበር። ትምህርት ቤት ገብተው በ1960 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረሱ። የታሪክ መምህራቸው «አንተ ልጅ፣ የጦርነት ዓመት ስጠይቅህ የሸክላ ዓመት ትነግረኛለህ፤ ምን ላድርግህ?» እያሉ ይቆጧቸው ነበር። ቅዳሜ ሸክላ ሊገዙ ሲመጡ ግን የሚያማክሩት እኚህኑ ልጅ ነበር።

በዚያው ዓመት ጎረቤታቸው ያለው ሙዚቃ ቤት ቀጠራቸው። ያን ጊዜ ደንበኛ ሸክላ ሊገዛ መጥቶ ተጣልቶ ይሄዳል። «የሦስቱ እህትማማቾች ዘፈን ነው የቀደመው!» ይላል አንዱ። «ዞር በል እባክህ፣ የለስላሳው ነው!» ይላል ሌላው። ለስላሳው ማለት ድምፁ እንደ ሐር የሚንሸራተት፣ ፀጉሩን በቅባት አስተኝቶ የሚወጣ፣ የዘመኑ ኮረዳ ሁሉ ፎቶውን በደብተሯ ውስጥ የምትይዝለት ዘፋኝ ነው። በዚህ ዘፋኝ የተነሣ አንድ ቀን ሁለት ደንበኞች ኮሌታ ለኮሌታ ሲተናነቁ የሱቁ ባለቤት መረራቸው። «አንተ የሰዓት ጠጋኝ ልጅ! ምን መቼ እንደወጣ ጻፍና ከዚህ ጭቅጭቅ ገላግለን!» አሉ። አባባም ጻፉ። ከዚያ በኋላ አላቆሙም።

መጻፊያው ካርቶን ደግሞ ትዳር አመጣላቸው። በ1965 ዓ.ም. ከታጠፈ ሸሚዝ ጀርባ የሚገባውን ነጭ ካርቶን ፍለጋ ወደ ሸሚዝ ፋብሪካ ሄዱ። በማሸጊያው ክፍል የጠበቋቸው የኋላ ባለቤታቸው እማማ ነበሩ። «ሰው ሸሚዙን ይፈልጋል፣ አንተ ካርቶኑን። ምን ዓይነት ፍጥረት ነህ?» አሏቸው። «ሸሚዝማ ያልቃል» ብለው መለሱ። የተበላሸውን ካርቶን ሊወስዱ ሲመላለሱ አንድ ዓመት አለፈ። እማማ እስከ ዛሬ እንዲህ ይላሉ፦ «ሦስት መቶ ስልሳ ስድስቱ ሲሞላ ሌላ ሰበብ አጣ፤ ስለዚህ ለትዳር ጠየቀኝ።» በ1967 ዓ.ም. ተጋቡ፤ አንድ ወንድና ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ። ትልቋ የመድኃኒት ባለሙያ፣ ወንዱ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ትንሿ አስተማሪ ሆኑ።

ሦስት መቶ ስልሳ ስድስት ያሰኘው ለእያንዳንዱ የዓመቱ ቀን አንድ ካርቶን ስለነበረ ነው። በዚያ ቀን፣ በየትኛውም ዓመት ይሁን፣ በዘፈን ዓለም የሆነ ነገር ሁሉ እዚያ ላይ ይሰፍራል። ማን ምን ቀረጸ፣ የትኛው ባንድ ተበተነ፣ ማን ተወለደ፣ ማን ዐረፈ። የጳጉሜን ስድስተኛዋ ቀን በአራት ዓመት አንዴ ብቻ ብቅ ስለምትል ካርቶኗ ከፋብሪካ እንደወጣ ነጭ ነበር ማለት ይቻላል። አባባ አንድ የማትጣስ ሕግ ነበረቻቸው። ከአንድ ሰው ብቻ የተሰማ ነገር በእርሳስ ይጻፋል። ሁለተኛ ምስክር ሲገኝ፣ ጋዜጣም ይሁን የሸክላው ልባስ ወይም ራሱ ዘፋኙ፣ ያኔ በእስክሪብቶ ይደምቃል። በእርሳስ ያለ ነገር ለሰው አይነበብም። «ወሬ እንደ ሊጥ ነው፤ ሳይበስል ከበሉት ሆድ ይነፋል» ይሉ ነበር። አንዳንዱ ነገር ሃያ ዓመት በእርሳስ ቆይቷል፤ እሳቸው ምን አስቸኮላቸው?

በጥር ወር 1979 ዓ.ም. ሬዲዮ ጣቢያው ጠራቸው። በየቀኑ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የአሥር ደቂቃ ፕሮግራም ተሰጣቸው። «ዛሬ…» ብለው ይጀምሩና ትንፋሽ ይስባሉ። ቴክኒሺያኑ፣ ሁሉም ሰው ሽቦ የሚለው፣ «ጋሼ ትንፋሽ እስኪስቡ እኔ ሻዬን አማስላለሁ» ይል ነበር። ጋሽ ዛሬ የሚለው ስም የወጣላቸው ከዚያች ትንፋሽ ነው። ወደ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ስተው አያውቁም። ሹፌሩ ልጃቸው እንደሚናገሩት፣ አውቶቡስ ውስጥ ሁለት ሰዎች በዘፈን ከተከራከሩ ሦስተኛው «ጋሽ ዛሬ ምን አለ?» ይላል፤ ክርክሩም እዚያው ያበቃል። ሹፌሩም «አባቴ ነው» ማለት እየፈለጉ መሪያቸውን ይዘው ዝም ይሉ ነበር፤ ጉራ እንዳይመስልባቸው።

ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ዓይናቸውን ሞራ ሸፈነው። አርባ ዓመት ያለፈው ጽሑፍ ደግሞ ደብዝዟል። ስለዚህ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. የትልቋ ልጃቸው ልጅ፣ ያኔ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል የወጣች፣ ውጤት እየጠበቀች ሶፋ ላይ የምትጋደም፣ ካርቶኖቹን በትልልቅ ፊደል በአዲስ ካርድ ላይ እንድትገለብጥላቸው ጠየቋት። ይህን ጽሑፍ የጻፈችውም እሷው ናት።

«እርሳሱን በእርሳስ፣ እስክሪብቶውን በእስክሪብቶ። እሺ የኔ ልጅ?» አሏት።

«እሺ አባባ፣ ገብቶኛል፣ ኧረ ገብቶኛል!» አለች።

አልገባትም፤ ወይም ገብቷት ንቃዋለች። ምግብ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግታ፣ ጆሮዋ ውስጥ ማዳመጫ ሰክታ፣ ከጓደኛዋ ጋር በስልክ እየተሳሳቀች በአራት ቀን ጨረሰችው። መጀመሪያ ለአሥር ካርድ ያህል ሕጉን ጠብቃለች። ከዚያ እርሳሱ ይሰበራል፣ መቅረጫው ይጠፋል፣ እጇ ይጠቁራል። «ለዓይናቸውም ይሻላል» ብላ ለራሷ ሰበብ ሰጠችና አሥሮቹንም እንደገና ጽፋ ሁሉንም በወፍራም ጥቁር ማርከር አደመቀችው። የተረጋገጠውም ወሬውም አንድ መልክ ያዘ። ሲያልቅላት ደግሞ አሮጌዎቹን በሦስት ፌስታል ሞልታ፣ አሮጌ ወረቀት ለሚሰበስበው መኪና ሰጠች። እናቷ ቤቱ ይጽዳ ስላሉ ደስ ይላቸዋል ብላ ነው።

አባባ አዲሶቹን ካርዶች ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አዩ። «ወይ ጉድ! ጽሕፈትሽ የጋዜጣ ርዕስ ይመስላል!» አሉ። ቀጥለውም «እርሳሶቹስ?» ብለው ጠየቁ።

«ለብቻ አድርጌያቸዋለሁ» አለች።

ውሸቱ ይኼ ነው፤ ሦስት ቃል እንኳ አይሞላም። ያን ሰዓት «አባባ፣ ቀላቅዬዋለሁ» ብትል ኖሮ መኪናው ገና ከሰፈሩ አልወጣም ነበር። አባባም አመኗት፤ ደስ ስላላቸውም ጣቢያው ድረስ ይዘዋት ሄደው፣ በሸክላ ክፍሉ ውስጥ ሥራ እንድትለምድ የፕሮግራም ኃላፊዋን ለመኑላት። በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. ተቀጠረች።

ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት እሷ ሸክላ ክፍል ውስጥ አቧራ ስትጠርግ ነበር፤ የአባባ ድምፅ ግድግዳው ላይ ካለው ድምፅ ማጉያ ይመጣል። «ዛሬ…» አሉና ትንፋሽ ሳቡ። ቀኑ ጥሩ ቀን ነበር፣ ብዙ ነገር የሆነበት። ሦስቱ እህትማማቾች የመጀመሪያ ዘፈናቸውን የቀረጹት በዚያ ቀን ነው፤ ትንሿ ጉንፋን ይዟት መሐል ላይ ስታነጥስ ቀራጩ ሳይሰማ አለፈው፣ ሕዝቡም ወደደውና ጭፈራ ቤት ሁሉ እዚያች ቦታ ላይ አብሮ ማነጠስ ያዘ። አንድ ከበሮ መቺም በዚያ ቀን ከመድረክ ወድቆ፣ ተጠባባቂ እስኪመጣ ወለሉን በመዳፉ እየደበደበ ምቱን ሳይለቅ ቆየ። እንደዚሁ በኅዳር አሥራ አራት፣ በሌላ ዓመት፣ ለካሴት የተሰለፈውን ሕዝብ ሊያስተካክል የተላከ ፖሊስ ራሱ ሰልፍ ይዞ ተገኘ። ሽቦ ከመስታወቱ ወዲያ በሳቅ ይንፈራፈር ነበር።

ከዚያ አባባ ጸጥ አሉ። የተለመደችው ትንፋሽ አልነበረችም፤ ረዘመች። ካርዱ መጨረሻ ላይ «2013፦ ለስላሳው ዐረፈ» ይላል። በአሮጌው ካርቶን ላይ ይህ በእርሳስ የተጻፈ ነበር፤ ከጎኑም «ፀጉር አስተካካዩ እንደነገረኝ» ይል ነበር፤ እሷ ቦታ እንዳይፈጅባት ይህን ትታዋለች። አባባ ሳይጠራጠሩ አልቀሩም። ግን የገዛ ትዝታቸውን ትተው የልጅ ልጃቸውን አመኑ፤ «ለብቻ አድርጌያቸዋለሁ» ብላቸዋለችና። አነበቡት። ቀጥለውም፣ «ያጀበን ድምፅ ነውና በዝምታ እናስበው» ብለው አንድ ሙሉ ደቂቃ አየሩን ዝም አስባሉት።

ደቂቃው ሳይሞላ የስቱዲዮው ስልክ ጮኸ። ሽቦ አነሣው።

«የለስላሳው ልጅ ነኝ» አለች ሴትዮዋ። «አባቴ እኮ ፊቴ ቁጭ ብሎ ቁርሱን እየበላ ነው! ማን ነው እናንተን ግደሉት ያላችሁ?»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። በሌላ ከተማ ብቻቸውን የሚኖሩ የለስላሳው ታላቅ እህት ሬዲዮ ከፍተው ነበር። ወንድማቸው መሞቱን በዚያ ሰሙ፤ ደንግጠው ወደ ጎረቤት ሲሮጡ ከደረጃ ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። እስከ ዛሬ ያለ ከዘራ አይራመዱም።

ከሰዓት በኋላ የፕሮግራም ኃላፊዋ አባባ ቤት መጡ። ሽቦም አብሯቸው መጣ። የልጅ ልጃቸው ሻይ በትሪ ይዛ ቆማለች።

«ጋሼ፣ ይህ የእርስዎ ጽሕፈት አይደለም» አሉ ኃላፊዋ። «ካርዱን ማን ነው የገለበጠልዎት? እሱን ልወቅ።»

አባባ ወደ ትሪው ዞር አሉ። ያዩዋት ይሁን አይሁን፣ በዚያ ዓይን፣ አይታወቅም።

«እኔ ነኝ። ማን ሊሆን ነው?» አሉ። «ዓይኔ ስለደከመ ፊደሌን አተለቅኩት። ሻይ ጠጡ እንጂ።»

እሷም ሻዩን አስቀመጠች። ስኳር ጨመረች።

በማግሥቱ አባባ በአየር ላይ ቀርበው «ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው» ብለው ይቅርታ ጠየቁና ፕሮግራሙን አስረከቡ። ሰው ምላሱ አጥንት የለውም። ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ «ጋሼ፣ የእኔን የሞት ተራ ለመቼ ያዙልኝ?» ይሏቸዋል። መጀመሪያ አብረው ይስቁ ነበር። ከዚያ ዳቦ የሚገዙት እማማ ሆኑ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሰው በሌለበት፣ «የለየሻቸው እርሳሶች የት ናቸው የኔ ልጅ?» ብለው ጠየቋት። «አላውቅም» አለች። «ይሁን» አሉ፤ ሁለተኛ አላነሡባትም።

በታኅሣሥ ደግሞ በር ተንኳኳ። ሲከፈት አንድ ሸንቀጥ ያሉ አዛውንት፣ ፀጉራቸውን አሁንም በቅባት ያስተኙ፣ ቆመዋል። «ሟቹ ነኝ። ልግባ?» አሉ። ለስላሳው ነበሩ። አባባ ሊነሡ ሲሞክሩ ወንበራቸውን ጣሉት።

«ተቀመጥ፣ ተቀመጥ! እኔ ተነሥቻለሁ፣ ይበቃል» አሉ ለስላሳው። «ሠላሳ ዓመት ማንም ስሜን አላነሣም ነበር። አንተ ከገደልከኝ ወዲህ የሰፈሩ ወጣት ሁሉ ዘፈኔን ያፏጫል።»

«እህትህስ?» አሉ አባባ።

ለስላሳው ሳቃቸውን ዋጡ። «እሷ ይቅር አላለችህም። አልዋሽህም።»

«ልክ ናት» አሉ አባባ። «ንገርልኝ፤ ልክ ናት።»

የልጅ ልጃቸው ይህን ሁሉ ወጥ ቤት ሆና ሰምታለች። የታጠቡ ሲኒዎችን እንደገና እያጠበች ነበር። በሩና እሷ መካከል ያለው አምስት እርምጃ ነው። አልተራመደችውም። ሥራዋን ወዳዋለች፤ ሸክላ ክፍሉን፣ ሽቦን፣ መታወቂያዋን አንገቷ ላይ ማንጠልጠሉን ወዳዋለች፤ አፏን ከከፈተች ሁሉም እንደሚሄድ ታውቃለች። «ነገ እናገራለሁ» እያለች ስድስት ወር ነገ አደረገችው።

በሚያዝያ ወር የአባባ ልብ ደከመ፤ ሆስፒታል ገቡ። ሐኪሞች የሚቻላቸውን ሁሉ አደረጉ፤ ቤተሰቡ በተራ አስታመማቸው። ግንቦት 25 ቀን በከሰዓት መጠየቂያ ሰዓት ተራው የእሷ ነበር። እጃቸውን ይዛ «አባባ፣ እነዚያ ካርዶች…» ብላ ጀመረች።

ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ጽሕፈትሽ ጥሩ ነው» አሉ። «ጥሩ ይነበባል። ሥራሽን አትልቀቂ።»

ከዚህ በኋላ ያውቁ ነበር ወይስ አያውቁም ብሎ መጠየቅ ቀርቷል። «ይቅር ይበሉኝ» ልትል አፏን ስትከፍት ነርሷ ገብታ ሰዓቱ አልቋል አለች። እሷም ተነሥታ ሄደች። ደቂቃ ስጡኝ ማለት ይቻል ነበር፤ አላለችም። እንዲያውም፣ እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ቀለል ብሏት ነበር። አባባ በማግሥቱ ግንቦት 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለዳ፣ በተወለዱ በሰባ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ።

ይህን የሕይወት ታሪክ እንድትጽፍ ሲሰጣት፣ ከቤተሰቡ የተሰጣት ማስታወሻ «ዓይናቸው በመድከሙ በፈጸሙት ስህተት ሥራቸውን በፈቃዳቸው ለቀቁ» ይል ነበር። እጇ እምቢ አለ። ለእናቷ ሁሉንም አውጥታ ነገረቻቸው። እናቷም፣ «እሳቸው ሸፍነውሽ አለፉ። አሁን ልትገልጪው ነው? የሰጡሽን መልሰሽ ፊታቸው ላይ ልትጥዪው?» አሏት። አጎቷ ሹፌሩም፣ የሚያነቡት እሳቸው ናቸውና፣ «እኔ እዚያ ጋ ስደርስ ልዝለለው?» አሉ። ነገሩን የቆረጡት እማማ ናቸው። «ወደ አርባ ዓመት ያልሳተን ሰው በአንድ ቀን ስህተት አትቅበሩብኝ» አሉ። «ያውም ባልሠራው።»

ስለዚህ ይኸው፣ የፕሮግራም ኃላፊዋም፣ ሽቦም፣ የለስላሳው ቤተሰብም፣ ዳቦ ቤት የሚሰለፈውም ሁሉ በተሰበሰበበት ይነበባል። ጋሽ ዛሬ ሳያረጋግጡ የተናገሩት አንድም ነገር የለም። ኅዳር አሥራ አራት የእሳቸው ስህተት አልነበረም። የጻፈችውም፣ የዋሸችውም፣ የጣለችውም፣ ስማቸው ሲጎድፍ ቆማ ስኳር የጨመረችውም የልጅ ልጃቸው ናት። ለስላሳውን፣ ከሁሉም በላይ እህታቸውን፣ ይቅርታ ትጠይቃለች፤ ይቅር ባይሏትም ልክ ናቸው። ጣቢያውም የሚወስነውን ይወስን፤ መታወቂያዋን ይዛ መጥታለች።

ጋሽ ዛሬ ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና ሰባት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። ስድስቱ አባባን አጥተው ያለቅሳሉ። ሰባተኛዋ አባባን አጥታ፣ ይቅርታውንም ሳትጠይቅ ቀርታ ታለቅሳለች።

የሰውን ጥፋት በራሳቸው እንደሸፈኑ፣ ፈጣሪ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይሸፍን፤ ስማቸውን ግን ከዛሬ ጀምሮ ገልጦ ያኑርልን።